ፍሪሲዮን ሽሽት

ሰው ኦቶማቲክ መኪና የሚገዛው ስለ ካምቢዮ ላለማሰብ ነው። ዳገት ላይ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ከኋላው ያለው ሾፌር ጡሩምባውን ሲያንባርቅበት፣ ላብ በጀርባው እንዳይወርድ ብሎ ነው። «ዲ» ላይ አድርጎ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ፣ ዝም ብሎ ሊሄድ ነው። የፈጠሩትም ሰዎች ሐሳብ ይኸው ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ኦቶማቲክ መኪና ከገዛ በኋላ ካምቢዮውን አውርዶ፣ ብሎን በብሎን ፈትቶ፣ «በጠንካራ ዕቃ ካልገጣጠምኩት» ብሎ እንቅልፍ ሲያጣ ካያችሁ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ገንዘብ ተርፎታል፣ ወይ ሚስቱ ታጋሽ ናት። የኔ ወዳጅ ገንዘብ አልተረፈውም።

ወዳጄ የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚነዳት ማንም ዞር ብሎ የማያያት ቶዮታ ናት። ጋራዡ ውስጥ ግን ሸራ ለብሳ የምትውል የ2000 ሞዴል ሼቭሮሌ ካማሮ አለችው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የመኪና ሞዴል በእኛ አቆጣጠር የሚቆጥር ሰው ገና አልገጠመኝም።) ሞተሯ ኤልኤስ 1 የሚባለው ባለ 5.7 ሊትር ቪ 8 ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበራት። ለወዳጄ አነሰው። ካምሻፍቷን ቀየረ፣ የጭስ ማውጫዋን በሰፊ አስለወጠ፣ የሞተሯን ኮምፒዩተር አስተካክሉልኝ ብሎ ሌላ ገንዘብ ከፈለ። ዛሬ ስንት ፈረስ እንዳላት ሲጠየቅ መልሱ እንደ ጠያቂው ነው፤ ለጓደኛ ሽቅብ፣ ለኢንሹራንስ ቁልቁል።

ካማሮ በዚያን ጊዜ ስድስት ማርሽ ባለው ማኑዋል ካምቢዮም ትሸጥ ነበር። «ታዲያ ለምን እሱን አልገዛህም?» ስንለው፣ «እኔ ፍሪሲዮን አዲስ አበባ ጥዬው ነው የመጣሁት፤ አይ-395 አውራ ጎዳና ላይ በጠዋት መጨናነቅ ግራ እግሬን አላስገርፍም» ይላል። ካማሮዋን በሥራ ቀን ጠዋት አይ-395 ላይ ያያት ሰው የለም። ቢሆንም ለወዳጅነት ሲባል ዝም እንላለን።

ይህን ንግግር በሰሙ ቁጥር ከከንፈራቸው ጥግ ፈገግ የሚሉት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። መካኒክነት የጀመሩት አዲስ አበባ፣ እኛ ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ከባድ መኪና ሥር ተኝተው ነው። በዚያ መኪና ማርሽ የሚቀየረው ፍሪሲዮን ሁለቴ እየተረገጠ፣ የሞተሩ ድምፅ በጆሮ እየተለካ ነበር፤ ያልቻለበት ሾፌር ጥርሱን ሲያፋጨው ሦስት ሰፈር ይሰማ ነበር። ዋሽንግተን ሲመጡ ደግሞ የሐበሻው ታክሲ ነጂ ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ የሚነዳበት ዘመን ሆኖ ጠበቃቸው። የታክሲ ካምቢዮ ቀኑን ሙሉ ከመብራት ወደ መብራት ሲቀያይር ስለሚውል ጋሼ ሥራ አጥተው አያውቁም። ያቺ መኪና መመረቷ በ2011 ቢቆምም፣ ስሟ ሲነሳ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ወዳጄ በበኩሉ ፎርድ የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። የሼቭሮሌና የፎርድ ወዳጆች ጠብ አሜሪካኖቹ ከአባት ለልጅ የሚያወርሱት ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ዜግነቱን ሲወስድ ጠቡንም አብሮ ወስዷል።

«ልጄ፣ ማኑዋል ካምቢዮ ስንት ፍሪሲዮን አለው?» ብለው ጠየቁት አንድ ቀን ጋሼ።

«አንድ።»

«ያንተ ኦቶማቲክስ?»

«የለውማ! ፔዳሉ የታለ?»

ጋሼ ጣታቸውን ዘርግተው መቁጠር ጀመሩ። ወደፊት ለመሄድ አንድ። ለኋላ ማርሽ አንድ። ለሦስተኛና ለአራተኛ ማርሽ አንድ። በዝቅተኛውና በኋላ ማርሽ ጊዜ የውስጡን ክፍል ከቤቱ ጋር ቆልፎ የሚይዝ አንድ። ነዳጅ ሲለቀቅ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው የሚያደርግ አንድ። አምስት ሆነ። እያንዳንዱም ነጠላ ዲስክ አይደለም፤ አንዱ ልባስ ያለው፣ አንዱ ራቁት ብረት እየሆነ የተደረደረ ክምር ነው። በዚያ ላይ ለሁለተኛና ለአራተኛ ማርሽ አንዱን ድራም ዙሪያውን አንቆ የሚይዝ የብረት ጥብጣብ አለ። ስድስተኛው ፍሪሲዮን ደግሞ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ተደብቋል። «አንዱን ሸሽተህ የስድስቱ ሰፈር ገባህ» አሉት።

ወዳጄ ከዚያን ቀን ወዲህ ያው አይደለም። የሚያሳዝነው ደግሞ ነገሩ በእውነት ደስ የሚል መሆኑ ነው።

በኦቶማቲክ መኪና ሞተሩና ጎማው መጀመሪያ የሚገናኙት በዘይት ብቻ ነው። አንድ የተዘጋ ክብ የብረት ዕቃ ውስጥ ሁለት ክንፋም መዘውሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ እሱ ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት ሁለተኛውን ይገፋዋል። መሐላቸው የገባው ሦስተኛ ክንፋም ክፍል የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ እንደገና ሥራ ላይ ያውለዋል፤ መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ ጉልበት የሚባዛላት በሱ ነው። የዚህን አሠራር የፈጠራ መብት በ1905 ያስመዘገበው ሄርማን ፎቲንገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ ያሰበውም ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር። የእንፋሎት ተርባይን በጣም ይፈጥናል፣ የመርከብ መቅዘፊያ ደግሞ ቀስ ማለት ይፈልጋል፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ጠፍቶ በመጨረሻ ፈሳሽ ሽማግሌ ሆነ። ቀይ መብራት ላይ «ዲ» ውስጥ ሆናችሁ ፍሬን ስትይዙ ሞተሩ የማይጠፋው በዚሁ ሽማግሌ ቸርነት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ጥርሶቹ ይመጣሉ። መሐል ላይ ፀሐይ፣ በዙሪያዋ ፕላኔቶች፣ ከውጭ ቀለበት። ከሦስቱ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን ስታዞሩ ሦስተኛው በሌላ ፍጥነት ይዞራል። ጥርሶቹ ምንጊዜም እንደተቆላለፉ ናቸው፤ የሚቀያየረው ማን ተይዞ ማን ይዙር የሚለው ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ፍሪሲዮን የመጣውም ለዚሁ «ያዝ፣ ልቀቅ» ነው። በካማሮዋ ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ 3.06 ነው፤ ሁለተኛ 1.63፣ ሦስተኛ ልክ አንድ ለአንድ፣ አራተኛ 0.70። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ያለው ገደል ሰፊ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ ዋጋ የሚያስከፍለን እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፍሪሲዮን ዲስኮቹ ልባስ ከምን የተሠራ ይመስላችኋል? ወረቀት ነው። በርግጥ በሙጫ የጠነከረ፣ ለዘይት የተዘጋጀ ወረቀት ነው፤ ግን ወረቀት ነው። ያን ሁሉ ፈረስ ይዞ የሚያቆመው ወረቀት መሆኑን የሰማ ቀን ወዳጄ ለጥቂት ጊዜ ነዳጅ ሲረግጥ ጨዋ ሆኖ ነበር።

ካምቢዮው 4ኤል60ኢ ይባላል። 4 ማለት አራት ማርሽ፣ ኤል ማለት በመኪናው ርዝመት የተቀመጠ፣ 60 የብርታት ደረጃው፣ ኢ ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ማለት ነው። አባቱ በ1982 የወጣው 700አር4 ነው፤ በ1993 ኮምፒዩተር ሲጨመርለት ይህን ስም ያዘ። በዚያ ዘመን ከፒክአፕ እስከ ኮርቬት ድረስ በብዙ የጄኔራል ሞተርስ መኪና ውስጥ ገብቷል። ልኩ 350 ፓውንድ-ጫማ አካባቢ የመጠምዘዝ ኃይል ሲሆን፣ ኤልኤስ 1 ሞተር ሳይነካ እንኳ ያንን ልክ ሊሞላው ምንም አይቀረውም። ከዚያ በላይ የጨመረው ወዳጄ ነው። ስለዚህ በሚከተለው ታሪክ ካምቢዮው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋተኛው ቀኝ እግር ነው።

እሑድ ጠዋት ነበር። ወዳጄ ቅዳሴ ረፍዶበት፣ አውራ ጎዳናው መግቢያ ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ ከሥር «ጧ!» አለ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን አልሰማችውም። ትንሽ ቆይታ ሦስተኛ ያዘችና እየተጎተተች ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረሰች። አፍንጫዋን ወደ አጥሩ አድርጎ አቆማትና ገብቶ አስቀደሰ። ሲወጣ «አር» ውስጥ ቢከታት ወይ ፍንክች። በግራ ሚኒቫን፣ በቀኝ ሚኒቫን፣ ፊት ለፊት አጥር። ነጠላችንን እንዳጣፋን በመኪናዋና በአጥሩ መሐል ተጨናንቀን ገብተን ኋልዮሽ ገፋናት። አንዲት እናት ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ይህን ያህል የምትጮኽ መኪና ወደ ኋላ መሄድ እንዴት ያቅታታል?» አሉ። በዕለቱ ከተሰጠው አስተያየት ሁሉ ቁም ነገር የነበረው የሳቸው ነው።

መልሱን ጋሼ በስልክ ሰጡ።

«አንደኛ አለ?»

«አለ።»

«ሁለተኛ?»

«የለም።»

«ሦስተኛ?»

«አለ።»

«ኋላ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አራተኛንም አትፈልጋት። ሰን ሼሉ ነው፤ ሳልፈታው ልንገርህ።»

ሰን ሼል የሚሉት የኋለኛዋን ፀሐይ ከፊተኛው ድራም ጋር የሚያገናኝ ጎድጓዳ ስስ ብረት ነው። ለሁለተኛና ለአራተኛ ማርሽ ጥብጣቡ ድራሙን ሲያንቀው በሰን ሼሉ በኩል ፀሐይዋ ትያዛለች፤ ለኋላ ማርሽ ደግሞ ድራሙ ሲዞር ፀሐይዋ አብራ ትዞራለች። የሰን ሼሉ አንገት ከተሰነጠቀ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቀራሉ። አንደኛና ሦስተኛ በሱ በኩል ስለማያልፉ ምንም አልሰሙም። ይህን ሳውቅ ለጋሼ ያለኝ አክብሮት አልጨመረም፤ ድሮም ሙሉ ነበር። የጨመረው ለእኚያ እናት ነው፤ «ወደ ኋላ» ብለው በትክክል ጣታቸውን ያሳረፉበት ቦታ ነበርና።

ሰን ሼል ራሱ ውድ ዕቃ አይደለም። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ዘይቱን ሳይጨምር 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከወረደ በኋላ ደግሞ ከፊት ጀምሮ ሁሉም ካልወጣ እሱ አይወጣም። «ይህን ያህል ከፈታሁት አይቀር...» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚጨርሰው ታውቃላችሁ። ወዳጄም እንደዚያው ጨረሰው።

ሥሩ ያለው የዘይት መያዣ ሲወርድ ውስጡ ማግኔት አለ። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ልስልስ ጭቃ ቢገኝ ችግር የለም፤ የዕድሜ ነው። የወዳጄ ማግኔት ላይ ግን የብረት ስንጣሪ ቆሞ ይታያል። ጋሼ ዘይቱን በአመልካች ጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ሲወለድ ቀይ የነበረው ዘይት ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። «የሦስት-አራቱ ፍሪሲዮንም አልቋል» አሉ። ሲፈታ ልባሱ ከዲስኩ ላይ በጥፍር ሲነካ ይራገፍ ነበር።

በዚህ መሐል ተመልካች በዛ። የሐበሻ ጋራዥ በር ክፍት ሆኖ የታየ እንደሆነ ሰው ይሰበሰባል፤ ሁሉም አስተያየት አለው፤ ቁልፍ የሚያቀብል ግን የለም። አንዱ ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ «ያረጀ ኦቶማቲክ ዘይቱ አይነካም፤ ከተነካ ማንሸራተት ይጀምራል» አለ። ይህ አዲስ አበባም የሚነገር ነገር ነው። ጋሼ ሳይቆጡ መለሱለት፦ ዘይቱ የሚቀየረው ካምቢዮው ማንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ልባሱ አልቆ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል፤ ስድቡን የሚጠጣው ግን አዲሱ ዘይት ነው። እኔ ይህን ትንታኔ ከመኪና አልፎ ለብዙ ነገር ይሠራል ብዬ ነበር፤ ሰሚ አላገኘሁም።

ሌላው ደግሞ «ኦቶማቲክ የሰነፍ ካምቢዮ ነው» አለ። ለሱ እኔ ነኝ የመለስኩለት። ሃይድራማቲክ የሚባለው፣ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ሙሉ ኦቶማቲክ ካምቢዮ፣ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ሲቀርብ ተጨማሪ ዋጋው 57 ዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣና ያው ካምቢዮ ስቱዋርት በሚባለው ቀላል ታንክ ውስጥ ገባ። ሁለት የካዲላክ ቪ 8 ሞተር፣ ሁለት ሃይድራማቲክ። ከጦርነቱ በኋላ ጄኔራል ሞተርስ በማስታወቂያው «በጦር ሜዳ የተፈተነ» እያለ ይሸጠው ነበር። ታንክ ነጂን ሰነፍ ለማለት የደፈረ ስላልነበረ ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ዘይቱም የራሱ ታሪክ አለው። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይገባ ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ሳይንቀጠቀጥ ልስልስ ብሎ እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነበር። አሜሪካ ዓሣ ነባሪን የሚጠብቅ ሕግ ስታወጣ ኬሚስቶቹ ምትክ ፍለጋ ተሯሯጡ። ይህን ባወራሁበት ቀን ጾም ነበርና ወሬው ከካምቢዮ ወጥቶ፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም፣ ዓሣ ነባሪስ ዓሣ ነው ወይ ወደሚለው ዞረ። ጋሼ ብቻቸውን ሲሠሩ ዋሉ።

ጋራዡ አቧራ ስላለበት ቫልቭ ቦዲው ወደ ምግብ ጠረጴዛው ተዛወረ። ይህ ቅብጠት አይደለም። ቫልቭ ቦዲ ማለት የካምቢዮው አእምሮ ነው፤ ውስጡ ዘይት የሚሄድባቸው ጠመዝማዛ ቦዮች የተቀረጹበት የአሉሚኒየም ገበታ፣ በቦዮቹ መሐል ከጣት የሚቀጥኑ ቫልቮች ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተቱበት። ከመጥረጊያ ጨርቅ የወጣች አንዲት ክር አንዱን ቫልቭ ካሰረችው ማርሽ ይጠፋል። በየቦዮቹ ውስጥ ደግሞ ዘይቱ በአንድ በኩል ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርጉ ትንንሽ ኳሶች አሉ። ጋሼ ኳሶቹን እየለቀሙ ጎጇቸው ውስጥ በቫዝሊን ያጣብቋቸዋል። ግሪስ አይሆንም፤ ግሪስ ሳይሟሟ ቀርቶ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ቫዝሊን ግን ዘይቱ ሲሞቅ ቀልጦ ይጠፋል። ቫዝሊኑ ከመታጠቢያ ቤት የመጣ የልጆቹ ነው። አንዷ ኳስ ተንከባላ ፍሪጅ ሥር የገባች ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ ወለሉ ላይ ሰገደ።

አዲሶቹ የፍሪሲዮን ዲስኮች ደረቃቸውን አይገቡም፤ ወረቀቱ ዘይት መጠጣት አለበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ማርሽ ላይ ይቃጠላል። ጋሼ «ሰፋ ያለ ዕቃ አምጣ» ሲሉት ወዳጄ ያመጣው ሊጥ የሚቦካበትን ሳፋ ነው። ቀዩ ዘይት ተገላበጠበት፣ ዲስኮቹ ተነከሩ። አማቱ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበርና ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ብቅ ሲሉ ቀዩን ነገር አዩት። ጎንበስ ብለው ተመለከቱና፣ «ቁሌት ነው እንዴ? ሽንኩርቱስ?» አሉ። «አይ እማማ፣ የካምቢዮ ዘይት ነው» አላቸው። አማተቡ። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ምንም አላለችም፤ ሳፋውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ጋራዥ ወሰደችውና በሩን ዘጋችው። በማግሥቱ ወዳጄ አዲስ ሳፋ ገዝቶ ገባ፤ አሮጌው እስከ ዛሬ የጋራዡ ዜጋ ነው።

ስለ ማጠንከሩ የተነሣው ክርክር ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። ወዳጄ ሁሉንም ይፈልጋል። ሰን ሼሉ በሙቀት በጠነከረ ብረት የተሠራው ይግባ፤ ይህ አላከራከረም። ጥብጣቡን የሚገፋው ፒስተን በኮርቬት ሰርቮ ይለወጥ፤ ሰፋ ያለ ፒስተን ስለሆነ ጥብጣቡን አጥብቆ ይይዛል፤ ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። የዘይት ፖምፓው ውስጥ ያሉት ምላሶች 13 ይሁኑ። አራት የነበሩት ፕላኔቶች አምስት ይሁኑ። ለሦስት-አራቱ ፍሪሲዮን ቀጠን ያሉ ሆነው በቁጥር የበዙ ዲስኮች ይግቡ።

ጋሼ እጃቸውን ያነሡት እዚህ ላይ ነው። ዲስክ መጨመር ብርታት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ ክምሩ ውስጥ የሚቀረው ክፍተት ግን የራሱ ልክ አለው። አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ነገር ነው። ጠበብ ካለ ፍሪሲዮኑ በተለቀቀ ጊዜም እየተፋተገ ይቃጠላል፤ ሰፋ ካለ ዘግይቶ እየያዘ ይቃጠላል። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስስ የብረት ቅጠል እያስገቡ ይለካሉ፣ ያወጣሉ፣ አንዱን ብረት በሌላ ውፍረት ይለውጣሉ፣ ደግመው ይለካሉ። ያን ጊዜ የሚያናግራቸው ሰው ወዮለት።

ከዚያ የግፊቱ ጉዳይ መጣ። ፋብሪካ ማርሽ ሲቀየር እንዳይሰማን ብሎ ፍሪሲዮኑን ትንሽ አንሸራትቶ ነው የሚያስይዘው። ምቾቱ የሚከፈለው ከፍሪሲዮኑ ልባስ ነው፤ መንሸራተት ሙቀት ነው፤ ኦቶማቲክ ካምቢዮን ደግሞ እንደ ሙቀት የሚገድለው የለም። የዘይቱ ግፊት ከፍ ሲል፣ በቫልቭ ቦዲው ያሉት አንዳንድ ቀዳዳዎች ሲሰፉ፣ ማርሹ ፈጥኖና ጨክኖ ይይዛል። ወገብ ይመታል። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ባለቤቱ ሻይ እያቀረበች ነበርና «የቆየ የወገብ ሕመም አለብህ አይደል?» ብላ አለፈች።

ቶርክ ኮንቨርተሩም ተለወጠ። አዲሱ ሞተሩ ወደ 3000 ዙር እስኪጠጋ ድረስ በደንብ አይጨብጥም፤ የተቀየረው ካምሻፍት ጉልበቱን የሚሰጠው ከፍ ብሎ ስለሆነ ሞተሩ እዚያ ደርሶ እንዲነሣ ነው። ክፋቱ ዘይቱ በዚያ ልክ ይሞቃል፤ ስለዚህ ከራዲያተሩ ፊት ለብቻው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ገባ። ጋሼ ከዕቃዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ቢባሉ እሱን እንደሚመርጡ ነግረውናል። ከሁሉ የማያምረውና ማንም ፎቶ የማያነሣው ዕቃ እሱ ስለሆነ አመንኳቸው።

«ለምን 4ኤል80ኢ አታስገባም?» ያለም ነበር። እሱ በ1964 የወጣው የቱርቦ 400 ዘር ነው፤ ለከባድ ፒክአፕ የተሠራ፣ ብርቱ። ግን ይከብዳል፣ ራሱን ለማዞርም ብዙ ጉልበት ይበላል፣ ሥሩ ያለውም ቦታ መስተካከል ይፈልጋል። ሌላው፣ በ1950 የወጣውን ፓወርግላይድ አነሣ፤ ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው፣ ፋብሪካው በ1973 ያቆመው፣ የድራግ ተወዳዳሪዎች ግን እስከ ዛሬ የማይለቁት። ማርሹ ባነሰ ቁጥር የሚቃጠለውም የሚሰበረውም ያንሳል። ወዳጄ ሁለት ማርሽ የሚለውን ሲሰማ እንደተሰደበ ቆጠረው።

ተገጠመ፤ ዘይት ተሞላ፤ ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ፍሬን ይዘው ከ«ፒ» እስከ አንደኛ አንድ በአንድ አወረዱት፤ በየደረጃው መኪናዋ ስትነቀነቅ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አር» ላይ ስትደርስ ተመልካቹ ሁሉ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ኋልዮሽ ከጋራዡ ወጣች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደቡብ ሜሪላንድ፣ በድስ ክሪክ የሚገኘው የድራግ መወዳደሪያ ሄድን። ሩብ ማይል፣ 402 ሜትር፣ ቀጥ ያለ መንገድ። ሰው የራሱን መኪና ከፍሎ የሚሰብርበት ሕጋዊ ቦታ ነው። አረንጓዴው ሲበራ ካማሮዋ ተስፈነጠረች፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስታልፍ ጎማዋ ጮኸ፣ ኋላዋ ትንሽ ወደ ጎን ተወዛወዘ፣ ሦስተኛ ገባች፣ አለፈች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት። ወዳጄ ሲመለስ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር፤ «አንድ ልድገም» አለ። ጎማውን በደንብ አሙቆ፣ አስፋልቱን በደንብ አስነክሶ ተነሣ። አሁን ድምፁ የመጣው ከኋላ ነበር፤ ካምቢዮ አይመስልም፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ቆመ።

ዲፈረንሻሉ ነው። ባለ ዐሥር ብሎን የሚሉት ነው፤ ላልተነካች ካማሮ ይበቃታል። እስከ ዛሬ ግን ከሞተሩ የሚመጣውን ዱላ ካምቢዮው እየተንሸራተተና እየተሰበረ ይቀበልለት ነበር። ካምቢዮው ሲጠነክር ተራው የሱ ሆነ።

ጋሼ ተንበርክከው ሥሯን አዩና «ካምቢዮው ደህና ነው» አሉ፣ ኩራታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

«ምን ይሻላል ታዲያ ጋሼ?»

«ለዚህማ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ዘጠኝ ኢንቹ።»

ወዳጄ መልሱን ከመስማቱ በፊት ያውቀው ነበር። ከ1957 እስከ 1986 በፋብሪካ መኪኖች የተገጠመ፣ አሜሪካ ውስጥ ጉልበት የጨመረ ሰው ሁሉ፣ የሼቭሮሌ ወገን ሆነ የማንም፣ መጨረሻ ላይ ደጁን የሚጠናው ዲፈረንሻል እሱ ነው። ቢሆንም እየመረረው ጠየቀ፦

«የማን ዘጠኝ ኢንች?»

ጋሼ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «የፎርድ» አሉ፤ ድምፃቸው ክራውን ቪክቶሪያን ሲያነሡ እንደሚሆነው ለስለስ ብሎ። ወዳጄ ተጎታች መኪናው እስኪመጣ ድረስ ቃል አልወጣውም። ካማሮዋ በሰንሰለት ታስራ ስትነሣ ግን ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ሲመለከት ቆየና ወደ ጋሼ ዞረ፦

«ጥቁር ከተቀባ ከውጭ አይታይም፣ አይደል?»